ሪባን ከተቆረጠ በኋላ፦ የትልቅ ሬዲዮ ቴሌስኮፕ ፍተሻና ብልሽት ፍለጋ፣ ከሱሉልታ እስከ ለሚ

ኢትዮጵያ ትልቅ ሬዲዮ ቴሌስኮፕ ያስፈልጋታል ወይ የሚለው ጥያቄ በተነሳ ቁጥር ክርክሩ በሁለት ነገር ላይ ይከርማል፤ አንዱ ገንዘቡ ነው፣ ሌላው ቦታው። ዲሹ ከቆመ በኋላ የሚታመን ልኬት እስኪሰጥ ድረስ የሚያልፈው የፍተሻና የብልሽት ፍለጋ ዘመን ግን የባለሙያ ጣጣ ተደርጎ ይታለፋል። ይህ ዳሰሳ የሚነሳው ከዚያ ከታለፈው ክፍል ነው። በገንዘቡም ሆነ በቦታው ላይ የሚቀርቡት አቋሞች ሁሉ ጠጋ ብለው ሲያዩዋቸው «ብልሽቱን ማን ይፈልጋል? በምን መሣሪያ? ለስንት ዓመት?» ለሚለው ጥያቄ መልስ አለ ብለው ገምተው የተነሱ ናቸው። መልሱ አለ ወይ የሚለው ነው ያልተጠየቀው። (ዓመታቱና ወራቱ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

መነሻው፦ ጩኸቱ ከየት መጣ?

የሙያው ልደት ራሱ ብልሽት ፍለጋ ነው። ካርል ጃንስኪ በ1930ዎቹ መጀመሪያ በቤል ላብራቶሪ የተሰጠው ሥራ ሰማይን ማጥናት አልነበረም፤ አትላንቲክን በሚሻገረው የሬዲዮ ስልክ ውስጥ የሚሰማው ጩኸት ምንጩ ምን እንደሆነ አጣራ ተብሎ ነው። የቅርቡንና የሩቁን መብረቅ ለየ። የቀረው ሹክሹክታ ከፍኖተ ሐሊብ መሃል የሚመጣ ሆኖ ተገኘ። ከሠላሳ ዓመት በኋላ አርኖ ፔንዚያስና ሮበርት ዊልሰን በዚያው ድርጅት በሆልምዴል ቀንዳማ አንቴና ላይ ሲሠሩ፣ ከስሌታቸው በላይ የሆነና ከየትኛውም አቅጣጫ እኩል የሚመጣ ሦስት ኬልቪን ተኩል ያህል ትርፍ ሙቀት አስቸገራቸው። የላሜራ መጋጠሚያዎቹን ሸፈኑ፣ በቀንዱ ውስጥ የሰፈሩትን እርግቦች አባረሩ፣ ኩሳቸውን ጠረጉ። ትርፉ ግን አልሄደም። በ1978 ለኖቤል ሽልማት ያበቃቸው ግኝት ይኸው ትርፍ ነው።

ከዚህ ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚወሰደው የዕድል ትምህርት ነው። እኔ ግን ክብደቱን የማየው ሌላ ቦታ ነው፦ ሁለቱ ሰዎች ሌላውን ጩኸት ሁሉ አንድ በአንድ ለክተው ስለጨረሱ ነው የቀረውን «ይህ የእኛ አይደለም» ለማለት የደፈሩት። በሚገባ ያልተፈተሸ ዲሽ ላይ ቢሆን ሦስት ኬልቪን ተኩል ማንም ልብ የማይለው ትርፍ ነበር። ልብ ይባል፤ ያ አንቴና የተሠራው ለሳተላይት መገናኛ ነበር። ኋላ ላይ ለሚመጣው የሱሉልታ ጉዳይ ቅድመ ታሪክ ሊባል ይችላል።

በዚህ ምድር የቆሙ ዲሾች

ኢትዮጵያ ውስጥ የጥያቄው ታሪክ የሚጀምረው ከእንጦጦ ነው ብለው የሚጽፉ አሉ። ወደ ኋላ ቢሄዱ ግን ቢያንስ ሦስት ምዕራፍ ይገኛል።

የመጀመሪያው ዲሽ የለውም። በ1957 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የተቋቋመው የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ፣ በአባ ፒየር ጉዋን መሪነት፣ ለዓለም አቀፉ የጂኦፊዚክስ ዓመት የመሬትን መግነጢስ መለካት ጀመረ። አዲስ አበባ የተመረጠችው የመግነጢስ ወገብ በአቅራቢያዋ ስለሚያልፍ ነው። ያ ተቋም ዛሬም አለ፤ ዕድሜው ራሱ ማስረጃ ነው።

ሁለተኛው ምዕራፍ አስመራ ላይ ነው። በዚያን ጊዜ በኢትዮጵያ ሥር በነበረችው ከተማ፣ አሜሪካኖች በቃኘው ጣቢያ «ስቶንሃውስ» የተባለ የማዳመጫ ሰፈር በ1960ዎቹ አጋማሽ አቆሙ። አንዱ ዲሽ 26 ሜትር፣ ሌላው 46 ሜትር ያህል ስፋት ነበረው። ሥራቸው የሶቪየት ኅብረት የጠፈር መንኮራኩሮች ወደ መሬት የሚልኩትን መልእክት መጥለፍ ነበር፤ በ1975 ተዘጋ። ከዚያ የቀረ የአስትሮኖሚ ተቋም የለም።

እዚህ ላይ ንጽጽሩ አስተማሪ ነው። በዚያው ዘመን ናሳ በደቡብ አፍሪካ ሃርትቤስትሁክ ላይ 26 ሜትር ዲሽ አቁሞ ነበር፤ በ1961 ሥራ ጀመረ፣ በ1974 ናሳ ለቀቀ። ዲሹን በዕለት ተዕለት የሚያሠሩት ግን የአገሩ የምርምር ምክር ቤት ሠራተኞች ነበሩ። እነሱ አልሄዱም። በ1975 ጣቢያው ሬዲዮ ኦብዘርቫቶሪ ሆነ፤ የዛሬው የአህጉሩ የሬዲዮ አስትሮኖሚ ግማሹ ከዚያ ግቢ የወጣ ነው ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም። ተመሳሳይ ስፋት ያላቸው ሁለት ዲሾች ነበሩ፣ በአንድ አህጉር፣ በአንድ ዘመን። የለያያቸው መፍቻውን የያዘው እጅ የማን እንደነበረ ነው። የፖለቲካው ልዩነት ትንሽ አልነበረም ብሎ የሚከራከር ሰው ይኖራል፤ ትክክልም ነው። ነገር ግን ሰላም ቢሆንስ ኖሮ ስቶንሃውስን ማን ያሠራው ነበር?

ሦስተኛው ሱሉልታ ነው። በ1970ዎቹ መጨረሻ የተከፈተው የሳተላይት ምድር ጣቢያ ለብዙ ዓመት የአገሪቱን ዓለም አቀፍ ስልክና የቴሌቪዥን ሥርጭት ተሸክሟል። ከቃኘው የሚለየው የቴሌ ቴክኒሻኖች ያስተዳድሩት ስለነበረ ነው። ማጉያው ሲቃጠል፣ መከታተያው ሲዛነፍ፣ መብረቅ ካርዶቹን ሲያነድ የሚጠሩት እነሱ ናቸው። የባሕር ሥር ፋይበር በአፍሪካ ዙሪያ ከተዘረጋ በኋላ ግን እንዲህ ያሉ ዲሾች በየአገሩ ሥራ ፈቱ። የሃርትቤስትሁኩ ኃላፊ የነበሩት ማይክ ጌይላርድ ከ2010 በኋላ በአፍሪካ የቆሙትን ትልልቅ የምድር ጣቢያ ዲሾች ሲዘረዝሩ ሱሉልታም ከዕጩዎቹ አንዱ ነበር።

እንጦጦ የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲ በ2004 ተመሠረተ፤ በ3,200 ሜትር ከፍታ ላይ ባለ አንድ ሜትር ሁለት የብርሃን ቴሌስኮፖች ተተከሉ፤ በ2016 የመንግሥት ኢንስቲትዩት ተቋቋመ፤ ኋላም ከጂኦስፓሻል ተቋሙ ጋር ተዋህዶ የዛሬው የስፔስ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩት ሆነ። በ2019 እና በ2020 ከቻይና የተወነጨፉት ሳተላይቶችም ተጨመሩ። ይህ ሁሉ ግን ወይ ብርሃን ነው፣ ወይ የምድር ምስል። ሬዲዮው ባዶ ቦታ እንደሆነ ነው።

ሲግናል መምጣትና መረከብ አንድ አይደሉም

ክርክሩን የሚያወሳስበው አንዱ ነገር ሦስት የተለያዩ ደረጃዎች በአንድ ስም መጠራታቸው ነው። «ቴሌስኮፑ ሥራ ጀመረ» ሲባል የቱ ማለት ነው?

የመጀመሪያው ሲግናል መያዙ ነው። ቤቱ ጣሪያ ላይ ዲሽ ያስተከለ ሰው ይህን ያውቀዋል፦ አንዱ ከላይ ያሽከረክራል፣ ሌላው ከሳሎን «መጣ! ቆይ፣ ሄደ!» ይላል። በትልቁም ዲሽ ላይ ፀሐይን ወይም ጨረቃን ማግኘት ከዚህ እምብዛም አይርቅም፤ ለፎቶና ለዜና ይበቃል። ሁለተኛው መሐንዲሶች ኮሚሽኒንግ የሚሉት ነው፦ ዲሹ እያንዳንዱን ነገር ምን ያህል በትክክል እንደሚሠራ፣ ስሕተቱም ምን ያህል እንደሆነ በቁጥር ማስፈር። ሦስተኛው ርክክብ ነው። በግንባታ ውል ጊዜያዊ ርክክብና የመጨረሻ ርክክብ እንደሚለያዩ ሁሉ እዚህም ይለያያሉ፤ በመካከላቸው ያለው ጊዜ ግን ከመንገድና ከሕንፃ ሥራ ይረዝማል።

የቻይናው ፋስት ጥሩ ምሳሌ ነው። 500 ሜትር ስፋት ያለው ይህ ዲሽ ግንባታው በመስከረም 2016 ተጠናቀቀ ተብሎ ተመረቀ። በይፋ ለሥራ የበቃው ግን በጥር 2020 ነው። ከሦስት ዓመት በላይ የፈጀው ፍተሻ፣ 4,450 ገጾቹን የሚጎትቱትን ከሁለት ሺህ በላይ መሣቢያዎች ማስማማት፣ ከላይ የተንጠለጠለውን መቀበያ በቦታው ማቆም፣ ጩኸቱን መለየት ነበር። የዌስት ቨርጂኒያው ግሪን ባንክ ቴሌስኮፕ በ2000 ተመረቀ፤ ከ7 ሺህ ቶን በላይ የሚመዝነውን አካል በአሥራ ስድስት ጎማ የሚያዞረው የብረት ሐዲድ ግን ሸክሙን መቋቋም አቅቶት በ2007 እንደገና ተሠራ። ሁለቱም ከዓለም ምርጥ የሚባሉ ናቸው። ዘግይተው ነው የበቁት፣ በደንብም ነው የበቁት።

ይህ ልዩነት በጀት ላይ ሲደርስ ይከፋል። ለዲሹ ግዥ ገንዘብ የሚሰጥ ለጋሽ ወይም መሥሪያ ቤት ይገኛል፤ ለሦስት ዓመት ፍተሻ ግን ደሞዝ፣ ነዳጅ፣ ሂሊየም፣ መለዋወጫና የትራንስፖርት አበል የሚመድብ ማግኘት ከባድ ነው። ምረቃ ቀን አለው፤ ኮሚሽኒንግ የለውም።

ብልሽት የሚደበቅባቸው ቦታዎች

የ32 ሜትር ዲሽን እንውሰድ፤ የድሮ ትልልቅ የሳተላይት ጣቢያ ዲሾች በዚህ ስፋት ዙሪያ ናቸው። በ6.7 ጊጋኸርዝ፣ ማለትም ሜታኖል የተባለው ሞለኪውል በኮከብ መወለጃ ደመናዎች ውስጥ በሚያበራበት ፍሪኩዌንሲ፣ የሞገዱ ርዝመት አራት ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ነው። ዲሹ የሚያየው የሰማይ ቁራጭ ስፋቱ ከአንድ ዲግሪ አሥረኛው ይሆናል። ስለዚህ አቅጣጫው ከዚያ ስፋት አሥረኛ ባልበለጠ ስሕተት ውስጥ መዋል አለበት። ብዙ መቶ ቶን ብረት፣ በነፋስና በፀሐይ ሙቀት መካከል፣ ከአንድ ዲግሪ መቶኛ ባልበለጠ ስሕተት መዞር አለበት ማለት ነው።

ሳተላይት ዲሽ ይህን አያውቀውም። ሳተላይቱ ብርቱ ምልክት ስለሚልክ ዲሹ ራሱ ምልክቱን እየተከተለ ይታረማል፤ ሰማዩ ግን አያግዝም። ስለዚህ ቦታቸው በደንብ የታወቀ ብሩህ ምንጮች፣ ካሲዮፔያ ኤ፣ ሲግነስ ኤ፣ ታውረስ ኤ፣ አንድ በአንድ በየከፍታው እየተቃኙ «ማግኘት የነበረብን እዚህ፣ ያገኘነው እዚያ» የሚል ሠንጠረዥ ይሠራል። ከሠንጠረዡ ውስጥ ዘንጉ ማዘንበሉ፣ ሁለቱ ዘንጎች ፍጹም ቀጥ ብለው አለመገናኘታቸው፣ ዲሹ ሲጋደም በራሱ ክብደት መጉበጡ ተለይቶ ይወጣል። ስሕተቱ በሰማዩ ሁሉ አንድ ዓይነት ከሆነ ምክንያቱ ቀላል ነው። ጠዋትና ከሰዓት ከተለያየ ሙቀት ነው። ትናንትና ዛሬ ከተለያየ ግን ወይ የማዕዘን መለኪያው ላልቷል፣ ወይ ከመሠረቱ ጀምሮ ችግር አለ። የመጨረሻውን ማንም መስማት አይፈልግም።

ሁለተኛው መደበቂያ የዲሹ ገጽ ነው። ገጹ ከትክክለኛው ቅርጽ በአማካይ ከሞገዱ ሃያኛ ያህል ቢዛነፍ፣ ይኸውም በምሳሌያችን ከሁለት ሚሊ ሜትር ትንሽ በለጥ ቢል፣ ከሚሰበሰበው ኃይል ሲሶው ይጠፋል። ለ4 ጊጋኸርዝ ስልክ ያስመሰገነ ዲሽ ለ22 ጊጋኸርዝ ውኃ ሜዘር (በሰማይ ላሉ የውኃ ሞለኪውሎች ብርቱ የሬዲዮ ምልክት) የማይረባ የሚሆነው በዚህ ነው። ቡሎን በቡሎን ማስተካከል ይቻላል፤ የትኛው ቡሎን የሚለው ግን በሆሎግራፊ ልኬት ካልታወቀ ጭፍን ሥራ ነው።

ሦስተኛው የመቀበያው ሰንሰለት ነው፤ ብልሽት ፈላጊው ብዙ ቀኑን የሚያሳልፈው እዚህ ነው። ችግሩን በቁጥር ማየት ይጠቅማል። በዚህ መስክ ደህና ብሩህ የሚባል አሥር ጃንስኪ (በካርል ጃንስኪ ስም የተጠራው የሬዲዮ ብርታት መለኪያ) ምንጭ በእንዲህ ያለ ዲሽ የሚያመጣው የሙቀት ጭማሪ ከሁለት ኬልቪን በታች ነው። ያልቀዘቀዘ መቀበያ ግን ራሱ መቶ ኬልቪን ያህል ይጮኻል። ስለዚህ አንድ የላላ ኮኔክተር፣ ውኃ የገባበት የሞገድ ቧንቧ፣ የዛገ የግራውንድ ገመድ ሰማዩን ሙሉ በሙሉ ይሸፍነዋል። አሠራሩ ግን ግልጽ ነው። ሰንሰለቱ መሃል ላይ ይቆረጥና በአንቴናው ፈንታ 50 ኦም መዝጊያ ይታሰራል። ጩኸቱ ከቀጠለ ጥፋቱ ከመዝጊያው ወዲህ ነው፤ ከጠፋ ወዲያ ነው። ከዚያ የቀረው ግማሽ እንደገና ለሁለት ይከፈላል። ቀጥሎ መቀበያው ፊት ሙቀቱ የታወቀ ነገር ይደረጋል፤ አንዴ በክፍሉ ሙቀት ያለ መምጠጫ ስፖንጅ፣ አንዴ በ77 ኬልቪን ፈሳሽ ናይትሮጅን የተነከረ። ከሁለቱ ንባብ ጥምርታ የመሣሪያው የራሱ ጩኸት ይሰላል። አዲስ አበባ ላይ ፈሳሽ ናይትሮጅን ለከብት ማዳቀያ ዘር ማቆያ ሆኖ ይታወቃል፤ ለዚህ ሥራ እንግዳ ነገር አይደለም።

አራተኛው መደበቂያ ሰው ነው። በአውስትራሊያው ፓርክስ 64 ሜትር ዲሽ ከ1998 ጀምሮ ከሩቅ ጋላክሲ የመጣ የሚመስሉ ድንገተኛ ብልጭታዎች ይመዘገቡ ነበር። ነገሩ ቀልድ አልነበረም፤ በ2007 በዚያው ዲሽ መዝገብ ውስጥ የተገኘው የመጀመሪያው ፈጣን የሬዲዮ ፍንዳታም አብሮ ተጠርጥሯል። ግቢው ውስጥ የጩኸት መቆጣጠሪያ ተተክሎ በ2015 ሲታይ ብልጭታዎቹ ከ2.4 ጊጋኸርዝ ምልክት ጋር እኩል እንደሚመጡ ታወቀ። ምንጩ የማይክሮዌቭ ምድጃ ነበር፤ ሰዓቱ ሳያልቅ በሩን የሚከፍት ሰው ሲኖር፣ ዲሹም ወደዚያ ሲያይ። የማይክሮዌቩ ተረት እስካሁን ያስቃል። ሥራው ግን ተጠርጣሪውን ከእውነተኛው የለየ የጥንቃቄ ምሳሌ ነው፦ ፈጣኖቹ ፍንዳታዎች ከዚህ ፈተና ነጻ ሆነው ወጡ።

ስለ ብረቱ ድካም መጨመር ያለበት አንድ ነገር አለ። ግሪን ባንክ ላይ በ1962 በርካሽና በጥድፊያ የተሠራው 300 ጫማ ዲሽ በኅዳር 1988 ምሽት ላይ እየሠራ ሳለ ተደረመሰ፤ ምክንያቱ አንድ የማገናኛ ላሜራ መሰንጠቁ ነው። ሃርትቤስትሁክ ላይ በጥቅምት 2008 የዋናው ዘንግ ደቡባዊ ኩሽኔታ ተሰበረ፤ ዲሹ ወደ ሥራ የተመለሰው በ2010 ነው። በዚያ መሃል አጠገቡ የነበረ 15 ሜትር የሙከራ ዲሽ የልኬት ሥራውን ተሸከመ። በፖርቶ ሪኮው አሬሲቦ ቴሌስኮፕ ላይ በነሐሴ 2020 አንድ ገመድ ከሶኬቱ ወጣ፣ በኅዳር ሌላው ተበጠሰ፣ ታኅሣሥ 1 ቀን ዘጠኝ መቶ ቶኑ መድረክ ወደቀ። ከሦስቱ የሚዳንበት ዕድል የነበረው የሃርትቤስትሁኩ ብቻ ይመስለኛል፤ እዚያ ግቢ ውስጥ ኩሽኔታውን የሚያውቁ ሰዎች ነበሩ፤ ሌላ ዲሽም ነበር።

ማደስ ወይስ መትከል?

ዛሬ ያሉት አቋሞች በግምት አራት ናቸው፤ እኩል ክብደት ግን የላቸውም።

የመጀመሪያው፣ የድሮውን ዲሽ አድሱ የሚል ነው። ጠንካራው ማስረጃው ጋና ነው። ኩንቱንሴ ላይ ለቴሌኮም የተሠራው 32 ሜትር ዲሽ በጋናና በደቡብ አፍሪካ መሐንዲሶች ተለውጦ በ2017 የሜታኖል ሜዘርና ፐልሳር አየ፣ ከሌሎች ቴሌስኮፖች ጋር አብሮ የመሥራት ሙከራም አደረገ። በነሐሴ ወር ፕሬዚዳንቱ መረቁት። ቀደም ሲል በአውስትራሊያ ሴዱና፣ በጃፓን ያማጉቺ፣ በኒውዚላንድ ዋርክዎርዝ ተመሳሳይ ሥራ ተሠርቷል። ክርክሩ የሚነሳው «ርካሽ ነው» በሚለው ላይ ነው። ብረቱ ርካሽ ነው፤ ሞተሩ፣ መቆጣጠሪያው፣ መቀበያው፣ የሃይድሮጅን ሜዘር ሰዓቱ ግን አዲስ ናቸው። ዲሹ ለማን የተሠራ እንደሆነም ይወስናል። አንዳንድ የሳተላይት ዲሾች ሰማዩን ሁሉ መዞር ይችላሉ፤ ሌሎቹ በአንድ ሳተላይት ዙሪያ ከጥቂት ዲግሪ በላይ አይንቀሳቀሱም። ሁለተኛው ዓይነት ከሆነ እድሳቱ ገና ሳይጀመር ያልቃል።

ሁለተኛው አቋም ትንሽና አዲስ ይተከል የሚለው ነው፦ ለመሬት ልኬት (ለጂኦዴሲ) የሚሆን ከ12 እስከ 13 ሜትር ፈጣን ዲሽ። ምክንያቱ የስምጥ ሸለቆው ነው። የአፍሪካ ሁለት ሰሌዳዎች በዚህ አገር መሃል በዓመት በጥቂት ሚሊ ሜትር እየተለያዩ ነው፤ ከሃርትቤስትሁክ እስከ አውሮፓ ባለው ከ8 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ክፍተት ውስጥ ኢትዮጵያ ወደ ደቡቡ 4 ሺህ፣ ወደ ጀርመኑ ኤፈልስበርግ ከ5 ሺህ ኪሎ ሜትር ትንሽ በለጥ ባለ ርቀት ላይ ተቀምጣለች። ለሁለቱም ሰማያት የምትመች ቦታ ናት። እኔን በግሌ የሚስበኝ ይኼኛው ነው፤ ለቀያሹ፣ ለካርታ ሥራው፣ ለመሬት መንቀጥቀጥ ጥናቱ ስለሚያገለግል በጀቱን የሚጠይቅለት ከአንድ በላይ መሥሪያ ቤት ይኖረዋል።

ሦስተኛው ዲሹን ተዉት፣ መረጃውን ተጠቀሙ ይላል። የደቡብ አፍሪካው ሚርካት ቴሌስኮፕ ስልሳ አራት ዲሾቹ በ2018 ተመርቀው በነጻ የሚገኝ መረጃ እያከማቸ ነው፣ ዓለም አቀፉ የኤስኬኤ ቴሌስኮፕ እየተገነባ ነው፤ በኮምፒውተር የሚሠራ ተመራማሪ ኩሽኔታ ምን ያደርግለታል? መልሱ ቀላል አይደለም። ኢትዮጵያ ከኤስኬኤ ስምንት አፍሪካዊ አጋር አገሮች ውስጥ የለችም፤ ቦትስዋና፣ ጋና፣ ኬንያ፣ ማዳጋስካር፣ ሞሪሸስ፣ ሞዛምቢክ፣ ናሚቢያና ዛምቢያ ናቸው። በዚያ ማዕቀፍ የተሰጡት የቴክኒሻን ሥልጠናዎችም በዋናነት ለእነሱ የታሰቡ ነበሩ። መረጃ ብቻ የሚጠቀም ተመራማሪ የመሣሪያውን ስሕተት ከሰማይ ክስተት መለየት ሲያቅተው የሚጠይቀው ሰው ባሕር ማዶ ነው።

አራተኛው ቅድሚያው የሌላ ነገር ነው የሚል ነው፤ እሱ የፖሊሲ ክርክር ስለሆነ እዚህ አልገባበትም።

ለሚን እንደ መመዘኛ

የብርሃን ቴሌስኮፕ ከፍ ያለ፣ ደረቅና ጨለማ ቦታ ይፈልጋል፤ ለዚህ ነው የላሊበላ አካባቢ ተራሮች የተጠኑት። የሴንቲ ሜትር ሞገድ ሬዲዮ ቴሌስኮፕ ፍላጎት ከዚህ ይለያል፤ ደመናና የቀን ብርሃን እምብዛም አይገዱትም፣ ዝቅ ያለና በኮረብታ የተከበበ ቦታ ይሻለዋል። በዚህ መመዘኛ በሰሜን ሸዋ ያሉት የአንኮበርና የጣርማበር ተራሮች ጉም ችግር አይሆንም። ችግር የሚሆነው የተራራ ጫፍ ራሱ ነው፤ ከጫፉ የአፋር ቆላም የደጋውም የሞባይል ማማ ሁሉ ፊት ለፊት ይታያልና።

ለሚ ከዚህ አንጻር የምትገርም የፈተና ቦታ ናት። የሰሜን ሸዋው የእንሳሮ ወረዳ ከተማ፣ ከጀማ ገደል አፋፍ ላይ፤ ከጀርባዋ ሜዳ፣ ከፊቷ የወንዙ ሸለቆ። ገደሉ ወደ ታች ሲወርድ ግድግዳው ከከተማው የሚመጣውን ሞገድ ይጋርዳል፤ ዋጋው ግን ሰማይ ነው፣ ምክንያቱም ግድግዳው አድማሱንም ይበላል። በአሥር ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስ ላይ የፍኖተ ሐሊብ ማዕከል ከደቡብ አድማስ ሃምሳ ዲግሪ ያህል ከፍ ይላል፤ ወደ ደቡብ የሚጋርድ ገደል ብዙ ያሳጣል፣ ወደ ሰሜን የሚጋርድ ግን ብዙ አያሳጣም።

አሁን ነገሩን የቀየረው በመስከረም 2024 የተመረቀው የለሚ ናሽናል ሲሚንቶ ፋብሪካ ነው። ትልልቅ ሞተሮችና የፍጥነት መቆጣጠሪያዎቻቸው፣ የከፍተኛ ቮልቴጅ መስመሩ፣ የሠራተኛው ስልክ፣ የጭነት መኪኖቹ ግንኙነት፣ ሁሉም ሬዲዮ ይረጫሉ። ይህ ወቀሳ አይደለም፤ ፋብሪካው ለሚን የጠቀመው በሲሚንቶና በሥራ ነው። ነገር ግን «ገጠር ስለሆነ ጸጥ ያለ ነው» የሚለው የተለመደ ግምት እንዴት በአንድ ዓመት ሊፈርስ እንደሚችል ያሳያል። ደቡብ አፍሪካ በ2007ቱ ሕጓ መሠረት ሚርካት ለቆመበት ካሩ የሬዲዮ ጸጥታ ቀጠና አበጀች፤ ቻይና ለፋስት በአምስት ኪሎ ሜትር ዙሪያ ያለውን ሕዝብ አነሳች። በሰሜን ሸዋ አርሶ አደሩን የስልክ ኔትወርክ መንፈግ ወይም ከቀዬው ማንሳት የሚታሰብ ነው? አይመስለኝም። ስለዚህ እዚህ የሚሻለው ጥበቃው በተወሰኑ ፍሪኩዌንሲዎች ላይ ብቻ የሆነ፣ በ1420 ሜጋኸርዝ የሃይድሮጅን መስመርና በመሰሎቹ ላይ የሚያተኩር ሥርዓት ነው።

ሌላው የአካባቢው ባሕርይ መሬቱ ነው። በ1961 የካራ ቆሬ መንቀጥቀጥ ማጀቴን አፍርሷል። ከ2024 መጨረሻ ጀምሮ በአዋሽ ፈንታሌ የተከታተሉት መንቀጥቀጦችም እስከ አዲስ አበባ ተሰምተዋል። ዲሹ ባይወድቅም መሠረቱ ጥቂት ሚሊ ሜትር ቢያዘነብል የአቅጣጫ ሠንጠረዡ ሁሉ ከዜሮ ይጀመራል። ለጂኦዴሲ ዲሽ ይህ የጥናቱ ርዕስ ነው፤ ለአስትሮኖሚው ግን የብልሽት ዝርዝሩ አካል።

ያልተፈቱ ነጥቦች

ሦስት ጥያቄዎች አሁንም ክፍት ናቸው።

አንዱ ከላይ ነው። የመግነጢስ ወገብ በአገሪቱ ላይ ስለሚያልፍ ከፀሐይ መጥለቅ በኋላ አዮኖስፌሩ ይናወጣል፤ የዝቅተኛ ፍሪኩዌንሲ ምልክት ይዋዥቃል፣ ይደበዝዛል። በ150 ሜጋኸርዝ የሚሠራ አንቴና ምሽቱን ሲያጣ፣ በ6.7 ጊጋኸርዝ የሚሠራ ዲሽ ብዙም አይሰማውም። ስለዚህ «ሬዲዮ ቴሌስኮፕ ለኢትዮጵያ ይመቻል?» የሚለው ጥያቄ በየትኛው ፍሪኩዌንሲ የሚለው ሳይጨመርበት መልስ የለውም። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የጠፈር አየር ተመራማሪዎች ግን ለዚሁ መናወጥ ራሱን የቻለ መለኪያ ይፈልጋሉ፤ ለአንዱ ጉዳት የሆነው ለሌላው መረጃ ነው።

ሁለተኛው ከዚያም በላይ ነው። ሎፋር በተባለው የአውሮፓ አንቴና መረብ በ2023 እና በ2024 የታተሙ ጥናቶች የስታርሊንክ ሳተላይቶች ባልተፈቀደላቸው ፍሪኩዌንሲ ሳይታሰብ እንደሚጮኹ፣ አዲሶቹም ከቀድሞዎቹ እንደሚብሱ አሳይተዋል። ገደል ከዚህ አያድንም።

ሦስተኛው ማን ይከታተለዋል የሚለው ነው። ኤሌክትሮኒክስ አጥንቶ ከዩኒቨርሲቲ የወጣ ልጅ ቴሌ ወይም ባንክ ይገባል፤ ክፍያው እዚያ ነው። ሱሉልታ ላይ መከታተያውን ሲያርሙ የኖሩት ቴክኒሻኖች በአብዛኛው ጡረታ ላይ ናቸው። የእነሱ ዕውቀት የትም አልተጻፈም ማለት ይቻላል፦ መብረቅ ከመታ በኋላ መጀመሪያ የትኛው ካርድ ይታያል፣ የክረምት ውኃ በየት ይገባል፣ ግራሶው በስንት ወር ይደርቃል። ይህን የመሰብሰብ ሥራ ዲሽ አይጠብቅም።

በቦታውም በኩል ዲሽ የማይጠብቅ ሥራ አለ። አንድ ስፔክትረም አናላይዘርና አንድ ሰፊ ባንድ አንቴና ይዞ ለሚ አፋፍ ላይና ከአፋፉ በታች ከክረምት እስከ በጋ፣ ፋብሪካው ሲሠራና ለጥገና ሲቆም፣ ቅዳሜ ገበያና ተራ ቀን መለካት ይቻላል። ያ ልኬት ከሌለ ለሚም፣ አንኮበርም፣ ሱሉልታም በክርክሩ ውስጥ የሚጠሩት በስማቸው ብቻ ነው።